በግራ በኩል ተቀመጥ

ኤርሜሊንዳ ወዳጄ ኦርታ ወደብ ዳር ሱቅ አላት፣
ሚስማር፣ ገመድ፣ የበር እጀታ፣ ቀለም በጣሳ የሞላባት።
ከምትሸጠው ዕቃ ይልቅ የምትመርቀው ምክር ይበዛል፤
ለመጋዝ የገባ ሰው የሳሙና ስም ይዞ ይወጣል።

«ይህ ቢላዋ ላንተ አይሆንም፤ አንተ ችኩል ነህ፣
ዳቦ ልቁረጥ ስትል ጣትህን ታጣለህ።
ያቺን ባለ ጥርሷን ውሰድ፣ እጀታዋ የወይራ የሆነውን፣
ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራለች፣ አልከዳችኝም እስካሁን።
ጃንጥላ ግን አልሸጥልህም፤ ብሸጥልህ ኃጢአት ነው፣
እዚህ ደሴት ላይ የጃንጥላ ባለቤቱ ነፋሱ ነው።
ኮፍያ ያለው ካፖርት ልበስ። የጫማህን ሶል ደግሞ
ለሴቨሪኖ ስጠው፤ ጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት ያንቀላፋል ደክሞ።

«መጽሐፍ ካማረህ፣ ትናንት የታተመውን ተወው፤
ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ያለው
መደርደሪያ ላይ አንድ አለ፣ ሻይ የፈሰሰበት፣
ስለ አንዲት ንብ አናቢ፣ ባሏ ስለሞተባት።
የመጨረሻው ቅጠል የለም፤ ማን እንደገነጠለው እንጃ።
አሥር ጊዜ ጨርሼዋለሁ፣ አሥሩንም በየራሱ መንገድ፦
አንዴ አግብታ፣ አንዴ እምቢ ብላ፣ አንዴ ቀፎዋን አዝላ ስትሰደድ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጊዜው አልሄድ አለኝ ብላት፣
«ካልሲህን ሁሉ ወለል ላይ ዘርግፈው፣
ጥንድ ጥንዱን እያጋባህ እጠፈው።
ጓደኛ ያጣውን ግን አትጣለው፤
መነጽርህን ወልውልበት፤ ብቸኛም ሥራ አለው።»

እኔ ፖስተኛ ነኝ፤ የሰው ቃል ባድል እንኳ በየበሩ፣
ምክር ሰጥቼ አላውቅም፤ «ባይጥማቸውስ» እያልሁ፣ «ቢማረሩ»።
ለእሷ ግን ታዘዝሁ፤ ቢላዋዋን ገዛሁ፣ መጽሐፉን ጨረስሁ
(ንቦቹን ለቅቄ)፣ ካልሲዬንም አጋባሁ።

ከዚያ የዕረፍት ፈቃዴ ደረሰ።
«ሳኦ ዦርዥ ሂድ፤ የጠዋቱን መርከብ ያዝ፣
በግራ በኩል ተቀመጥ፤ በቀኙ ግፊያ እንዳትያዝ።
ሰው ሁሉ ለፒኮ ተራራ አንገቱን ሲያሰግግ
(ተራራው እንደሁ ከመስኮትህ ይታያል፤ አይሸሸግ)፣
አንተ ገደሉን ጠብቅ፤ ጫፉ ላይ ሰው የተወው
የመብራት ማማ አለ፤ ወፎች እንደ ሕፃን የሚያለቅሱበት ነው።
ቬላሽ ስትወርድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣
ሰማያዊ መስኮት አንኳኳ፤ አይብ ትሸጣለች ጁቬናላ።
ኤርሜሊንዳ ልካኛለች በላት።»

ሄድሁ። በግራ ተቀመጥሁ። ገደሉ እንዳለችው ነው፤ ወፎቹም አለቀሱ።
ጁቬናላ አይቡን ስትመዝን፣ የወዳጄን ስም ብሰጣት፣
«ኤርሜሊንዳ?» አለች፣ ቢላዋዋ አየር ላይ ቀርቶ፤ «ማናት?»

ስመለስ ሱቋ ገባሁ፤ አይቡን ባንኮኒው ላይ አኖርሁ።
«ግራው እውነትም እንደዚያ ነው?» አለች። እኔ ዝም አልሁ።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች፣ «ገመድ የገዛ መርከበኛ ሁሉ
አንዱ ገደሉን፣ አንዱ መስኮቱን ነገረኝ፤ እኔ ሰፋሁት በሙሉ።
ሱቁን ለማን ልተው?»
አይቡን ቆርሳ ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤
«ጥሩ ነገር ነው የመከርሁህ» አለች።

መስከረም ላይ «ነገ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ፤
ካፖርቴ በግራ ወንበር ላይ፣ ቦታ ሊይዝላት ታጠፈ።
እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከመርከቡ ጭራ ቆማ
የሱቋን ጣራ ታያለች፣ ጥሪዬንም ሳትሰማ፣
አንዲት ቀይ ነጥብ እስክትሆን።
አጠገቧ አንድ ወጣት መንገደኛ፣ ቋንቋዋን የማያውቅ፣
ሻንጣውን ታቅፎ ቆሟል።
እጅጌውን ሳብ አድርጋ
«ግራውን እርሳው፣ ልጄ» ትለዋለች። «እዚህ ቁም። ከኋላ።»